የፖርቱጋል ንጉሥ የዮሐንስ ሣልሳዊ ታሪክ

በአገራችን ስለ ግራኝ አህመድ ዘመን በተነገረ ቍጥር የፖርቱጋል ወታደሮች ስም አብሮ ይነሣል፤ ወታደሮቹ የማን ሎሌዎች እንደ ነበሩ፥ ጌታቸውም በምን ጠባይና በምን ዕጣ እንደ ኖረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ስለ ዮሐንስ ሣልሳዊ ጥቂት ቃል ማኖር የሚገባ መስሎ ታየን። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ዮሐንስ በ1502 ዓ.ም. በሊዝቦን ከተማ ከንጉሥ ማኑኤልና ከንግሥት ማርያ ተወለደ። አባቱ ማኑኤል፥ ቫስኮ ዳጋማ በባሕር የህንድን መንገድ ባገኘ ጊዜ በዙፋን የነበረ፥ በቅመማ ቅመም ንግድም እጅግ የከበረ ንጉሥ ነው። ሆኖም በልጁ ላይ ጽኑ ነገር አደረገበት፤ ለዮሐንስ ትታጭለት ዘንድ የታሰበችውን የኦስትሪያን ልዕልት ኤሌዎኖራን በ1518 ዓ.ም. ለራሱ አገባት። በ1521 ዓ.ም. ማኑኤል ሞቶ ዮሐንስ በ19 ዓመቱ ነገሠ፤ በ1525 ዓ.ም.ም የኤሌዎኖራን ታናሽ እኅት ካታሪናን አገባ።

ከእኛ አገር ጋራ ያለው ወዳጅነት የተጀመረው በአባቱ ዘመን ነው። እቴጌ እሌኒ የላከችው ማቴዎስ በ1514 ዓ.ም. ሊዝቦን ደርሶ ነበርና፥ ማኑኤልም በአጸፋው የላካቸው መልእክተኞች በ1520 ዓ.ም. ምጽዋ ወረዱ። እነዚህ ስድስት ዓመት በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ተቀምጠው ሲመለሱ፥ ዐፄው ጸጋ ዘአብ የተባለውን ካህን ከእነርሱ ጋራ ላከ። በ1527 ዓ.ም. ሲደርሱ ላኪው ማኑኤል ሞቶ ቈይቷል፤ ዮሐንስም በኮይምብራ ከተማ በክብር ተቀበላቸው።

ክብሩ ግን በቤተ መንግሥቱ ደጅ ቀረ። የአገሩ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጸጋ ዘአብን ስለ ቅዳሜ ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና ስለ መብል ሥርዓት መርምረው፥ ከሥጋ ወደሙ ከለከሉት። ክርስቲያን ሆኖ በክርስቲያን አገር፥ ካህን ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደ ባዕድ ብዙ ዓመት ቆመ። ከቤተ ክህነት ላደገ ሰው ይህ ከእስራት የማይተናነስ ነው። ጸጋ ዘአብም በ1534 ዓ.ም. የሃይማኖታችንንና የሥርዓታችንን ነገር ጻፈ፤ የደረሰበትንም ኀዘን አልሸሸገም። ጽሑፉን ዳሚያን ዴ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ በላቲን ቋንቋ ወደ 1540 ዓ.ም. በሉቫን ከተማ አሳተመው። ይህን መጽሐፍ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ የከለከለው የንጉሡ ወንድም ካርዲናል ሄንሪክ ነው።

ይኸውም ሄንሪክ የሃይማኖት መርማሪዎች አለቃ ነበረ። ይህ ኢንኵዊዚሲዮን የተባለው ፍርድ ቤት በፖርቱጋል የቆመው፥ ዮሐንስ ሮማን ለብዙ ዓመት ከለመነ በኋላ፥ በ1536 ዓ.ም. ነው። ማኑኤል በ1497 ዓ.ም. በግድ ያስጠመቃቸው አይሁድና ልጆቻቸው የመከራውን ጽዋ ከሁሉ አብልጠው ጠጡ። በሌላው ወገን ንጉሡ ትምህርት ወዳድ ነበረ፤ በ1537 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ከሊዝቦን ወደ ኮይምብራ አዛወረ፥ በ1548 ዓ.ም.ም የተመረጡ መምህራንን ከፈረንሳይ አስመጥቶ በዚያ ኮሌጅ አስከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከእነዚያው መምህራን ጥቂቶቹ በዚያው ፍርድ ቤት እጅ ወደ ወህኒ ወረዱ። በአንድ እጁ የተከለውን በሌላው ነቀለው።

ወደ ውለታው እንመለስ። በ1541 ዓ.ም. የቫስኮ ዳጋማ ልጅ ክሪስቶፎር 400 ወታደር ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። እውነቱን ለመናገር፥ በስፍራው ሆኖ ያሰናበታቸው የህንዱ እንደራሴ ወንድሙ ኤስቴቫን ነው። ክሪስቶፎር በ1542 ዓ.ም. ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ወታደሮች ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋራ ሆነው በየካቲት 1543 ዓ.ም. በወይና ደጋ ግራኝን ድል ነሡት። ይህን ደም ማንም ሊክደው አይችልም።

በቤቱ ግን ንጉሡ አሳዛኝ ሰው ነበረ። ካታሪና የወለደችለት ዘጠኝ ልጆች ሁሉ ከእርሱ በፊት ሞቱ። የቀረው አንዱ ልዑል ዮሐንስ በ16 ዓመቱ፥ ጥር 2 ቀን 1554 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሚስቱም ከ18 ቀን በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። ዕለቱ በእነርሱ የቅዱስ ሴባስቲያን በዓል ነበርና ሴባስቲያን ተባለ። አገር ሁሉ በአንድ ሕፃን ትንፋሽ ተንጠለጠለ።

በእነዚያው ዓመታት ንጉሡ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከሮማ በታች ለማድረግ ከኢየሱሳውያን ጋራ መከረ፤ ፓትርያርክም አስሾመላት። ገላውዴዎስ ለወታደሮቹ መሬት ሰጥቶ ያከበራቸውን ያህል፥ በሃይማኖቱ ግን አልተበገረም፤ በ1555 ዓ.ም. መልእክተኛቸው በደረሰበት ጊዜ የአባቶቹን ሃይማኖት በጽሑፍ ገለጠ። የተሾመው ፓትርያርክ ምድራችንን ሳያይ ቀረ፤ በምትኩ ኤጲስ ቆጶሱ እንድርያስ ኦቪዬዶ በ1557 ዓ.ም. መጀመሪያ ምጽዋ ወረደ።

ዮሐንስ የዚህን ነገር ፍጻሜ አላየም። በዚያው ዓመት ሰኔ 11 ቀን በሊዝቦን በ55 ዓመቱ ሞተ፤ በቤሌም ባለው በቅዱስ ሄሮኒሞስ ገዳም ተቀበረ። የሦስት ዓመቱ ሴባስቲያንም ነገሠ፤ አያቱ ካታሪና እንደራሴ ሆና መንግሥቱን ያዘች።