ስምንት ደቂቃ ያልናቀው ኬፕለር

ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1571 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ዓይኑን ስላደከመው ሰማይን አጥርቶ መመልከት አልሆነለትም። በ1600 ፕራግ ገብቶ የቲኮ ብራሄ ረዳት ሆነ፤ ብራሄ በማግሥቱ ዓመት ሲሞት የማርስ ልኬቶቹ በኬፕለር እጅ ገቡ። ኬፕለር ብዙ የደከመበት የክብ ምሕዋር ስሌት ከልኬቶቹ የተለየው በስምንት የማዕዘን ደቂቃ ብቻ ነበር። እርሱ ግን ልዩነቱን አልናቀም፤ ስሌቱን ጥሎ እንደገና ጀመረ። በ1609 ምሕዋሩ ሞላላ መሆኑን፣ ፕላኔቷም ወደ ፀሐይ ስትቀርብ እንደምትፈጥን አሳወቀ። በ1630 ያልተከፈለውን ገንዘብ ሊጠይቅ በሄደበት በሬገንስቡርግ ከተማ አረፈ።

የመጀመሪያዋ የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት ኦስካር 1 በ1961 መጠቀች። ዛሬ የሬዲዮ አማተሮች ሳተላይት ከአድማስ የምትወጣበትን ሰዓት የሚያሰሉባቸው የምሕዋር ቁጥሮች በኬፕለር ስም ይጠራሉ። መሐንዲስም ከልኬት ጋር ያልተስማማውን ስሌት፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው ብሎ እንዳያልፈው የኬፕለር ሕይወት ያስተምራል።