ሰይዲና ቢላል በተሰደቡ ጊዜ

 

ውድ አንባቢ ሆይ! የሰኞ ገበያን ግርግር ታውቀዋለህ። ሁለት ሰዎች በቦታ ወይም በሚዛን ይጣላሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ነገሩ ከዕቃው ወደ ዘር ይዞራል። ሸማኔው በሙያው፣ ቀጥቃጩ በአባቱ፣ ሌላው በእናቱ ይሰደባል። ሚዛኑ በማግስቱ ይረሳል፤ ስድቡ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ከሐበሻ ወገን የሆኑትን የሰይዲና ቢላልን (ረ.ዐ.) ታሪክ በዚህ በኩል ላጫውትህ።

አባታቸው ረባሕ፣ እናታቸው ሐማማ ይባላሉ። መካ ውስጥ በባርነት አደጉ። ከበኒ ጁመሕ ባለጸጎች አንዱ የነበረው ዑመያ ኢብን ኸለፍ መስለማቸውን ባወቀ ጊዜ በቀትር በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረታቸው ላይ ቋጥኝ ጫነባቸው። እርሳቸው ግን የአላህን አንድነት መመስከር አልተዉም። በመጨረሻ ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ገዝተው ነፃ አወጧቸው። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ624) በበድር ዘመቻ ዑመያን ሲያዩት ዝም አላሉም፤ ጮኸው ለባልደረቦቻቸው አሳወቁ፤ ዑመያም እዚያው ተገደለ። ይህን የማነሣው ደግነታቸውን ከፍርሃት እንዳትቆጥረው ነው።

የወንድም ቃል ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ቀን ታላቁ ሶሐባ አቡ ዘር አል-ጊፋሪ (ረ.ዐ.) ተቆጥተው ቢላልን በእናታቸው ጥቁረት ሰደቧቸው። በቡኻሪ ዘገባ ተሰዳቢው በስም አልተጠራም፤ ቢላል መሆናቸውን የሚናገሩት ሌሎች ዘገባዎችና የሐዲስ ሊቃውንት ናቸው። ቢላል ስድቡን በስድብ አልመለሱም፤ ነገሩን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰዱት። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎቻችን ደግነት ማለት በደልን ውጦ መቀመጥ ይመስለናል። ቢላል በደላቸውን ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን ለሚዳኝ ነው። እኛ ሽማግሌ ፊት እስክንቀርብ ድረስ ስንት ስድብ እንመልሳለን!

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን፣ የጃሂልያ ጠባይ ገና እንዳለባቸው ነገሯቸው። ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ለነበሩት ለአቡ ዘር ይህ ቃል ከጅራፍ የከፋ ነበር። ጉንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ ቢላል በእግራቸው ካልረገጡት እንደማያነሱት ተናገሩ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓይነት ይተረካል። አንዱ ቢላል እግራቸውን አሳረፉ ይላል፤ ሌላው አንሥተው አቀፏቸው ይላል። በእኔ አስተያየት እግራቸውን አሳርፈው እንኳ ቢሆን ወንድማቸው ከመሬት እንዲነሡ ብለው እንጂ ለበቀል አይደለም።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ630) መካ ስትከፈት ቢላል በነቢዩ ትእዛዝ ካዕባ ላይ ወጥተው አዛን አደረጉ። ከቁረይሽ አንዳንዶቹ በመልካቸው አጉረመረሙ፤ እርሳቸው አዛናቸውን ፈጸሙ። ከሙፈሲሮች መካከል የሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ በዚህ ምክንያት ወረደ የሚሉ አሉ።

ቢላል በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ግድም ሻም ውስጥ አረፉ። አቡ ዘር በስተርጅና ረበዛ በሚባል በረሃ ይኖሩ ነበር። እዚያ ያገኛቸው አንድ ሰው እርሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አየና ምክንያቱን ጠየቃቸው። አቡ ዘርም ያንን የስድብ ቀን አወሩለት።