ህሮዝኒ፦ የጠፋውን ቋንቋ በዳቦና በውሃ ያገኘ ሊቅ

ኬጢያዊው ኦርዮን ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። ታዲያ ኬጢያውያን እነማን ነበሩ? ምን ዓይነት ቋንቋስ ይናገሩ ነበር? ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም እስካለው ጊዜ ድረስ ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው አልነበረም። መልሱን ያገኘው አንድ የቼክ ተወላጅ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሰውየው የሴማዊ ቋንቋዎች ተማሪ እንጂ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተመራማሪ አለመሆኑ ነው።

ቤድርዢህ ህሮዝኒ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1879 ሊሳ በተባለች የቦሔምያ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አገሩ ያኔ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ልጅየው ገና ኮሊን ከተማ ተማሪ ሳለ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ጀመረ። ቪየና ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ አካድኛ፣ አረማይክ፣ ሱመርኛ፣ ሳንስክሪት፣ የኛኑም ግዕዝ ጨምሮ አጠና።

እስቲ አካድኛ ላይ ትንሽ እንቆይ። አካድኛ የባቢሎንና የአሦር ቋንቋ ሲሆን በጽሑፍ ከታወቁት ሴማዊ ቋንቋዎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። ቤትን ቢቱ፣ ልብን ሊቡ፣ ስምን ሹሙ ይላል። ውሻን ካልቡ ሲል ግዕዝ ደግሞ ከልብ ይላል። ከጤግሮስ ወንዝ እስከ አክሱም የተዘረጋ አንድ የቋንቋ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ህሮዝኒ ያደገው በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

በ1906 በሁጎ ዊንክለር የሚመራ የጀርመን ቡድን ከአንካራ በስተምሥራቅ የኬጢያውያንን ዋና ከተማ ሐቱሳን ቆፍሮ በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ሰሌዳዎች አገኘ። ጽሕፈቱ ሽብልቅ የሚመስለው የባቢሎን ጽሕፈት ስለሆነ ይነበባል፤ ቋንቋው ግን አይገባም። ብሌንኛ የማያውቅ ሰው በኛ ፊደል የተጻፈ ብሌንኛ ድምፁን እያወጣ ቢያነብ እንደማለት ነው። ክኑድሶን የተባለ የኖርዌይ ሊቅ በ1902፣ ግብፅ ውስጥ ከተገኙ ሁለት ደብዳቤዎች ተነሥቶ፣ ይህ ቋንቋ ኢንዶ-አውሮፓዊ ነው ብሎ ነበር። ሊቃውንቱ አልተቀበሉትም፤ እሱም ኋላ ሐሳቡን ተወው።

ህሮዝኒ በ1914 ሰሌዳዎቹን ለመገልበጥ ወደ ኢስታንቡል ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ለውትድርና ተጠራ። ደግነቱ አለቃው ቀላል የጽሕፈት ሥራ ስለሰጠው ጥናቱ አልተቋረጠም።

የኬጢያውያን ጸሐፊዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። በራሳቸው ቋንቋ ሲጽፉ አንዳንዱን ቃል በድምፁ መጻፍ ትተው የሱመርን ምልክት ወይም የአካድን ቃል እንዳለ ይተክሉ ነበር። ሱመርኛና አካድኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ በጨለማ ቤት እንደተለኮሰ ኩራዝ ነው። ህሮዝኒ አንድ መስመር ላይ የዳቦን የሱመር ምልክት አየ። ዳቦ ካለ መብላት አይቀርም። አጠገቡ ያለው ግስ ኤዛ ብሎ ይጀምራል፤ መብላት በጀርመንኛ ኤሰን ነው፣ በላቲን ደግሞ ኤዶ ማለት እበላለሁ ነው። ቀጥሎ ዋታር የሚል ቃል መጣ። እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ ዋተር ምን እንደሆነ ያውቃል። ዐረፍተ ነገሩ ዳቦ ስለ መብላትና ውሃ ስለ መጠጣት ነበር!

የአንድ ሁለት ቃል መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም፣ አጋጣሚም ያመሳስላል። ነገሩን ያጸናው ሰዋስው ነው። የግሱ እርባታ በየመደቡ የላቲንንና የሳንስክሪትን መንገድ ይከተላል። ህሮዝኒ ኖቬምበር 24 ቀን 1915 በርሊን ላይ ግኝቱን በንግግር አሰማ፤ በ1917 ደግሞ መጽሐፉን አሳተመ። መጀመሪያ ብዙዎች ተጠራጠሩ፣ ኋላ ግን ተቀበሉት።

በ1919 በፕራግ የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1925 ዶማና አካፋ አሲዞ ቱርክ ውስጥ ወዳለው ኩልቴፔ ዘመተ። ከዚያ ሰፈር የጥንት ሰሌዳዎች ለብዙ ዓመታት ገበያ ይወጡ ነበር፤ ጉብታውን የቆፈሩ ሰዎች ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ህሮዝኒ ሰሌዳው የሚወጣው ከጉብታው ሳይሆን ከጎኑ ካለው እርሻ መሆኑን ከአገሬው ሰው ተረዳ። እዚያ ሲቆፍር 1,000 ያህል አገኘ። ቦታው ጥንታዊቷ ካኔሽ ነበረች።

እነዚህ ሰሌዳዎች ስለ ንጉሥና ስለ ጦር አያወሩም። ወሬያቸው ዕዳ፣ ወለድና አህያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ ሴማውያኑ የአሦር ሲራራ ነጋዴዎች ከአሹር ከተማ ተነሥተው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ቆርቆሮና ጨርቅ በአህያ ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱ ብርና ወርቅ ይይዛሉ። ከጨርቁ ብዙውን የሚሸምኑት አሹር የቀሩት ሚስቶቻቸው ናቸው፤ ዋጋው አነሰን እያሉ የጻፉት ደብዳቤ ዛሬም ይነበባል። (አንዳንዱ ባል ደግሞ ካኔሽ ላይ ሌላ ሚስት አግብቷል!) በአሦርኛው ጽሑፍ መካከል የአገሬው ሰዎች ስምና ጥቂት የኬጢያውያን ቃላት ተሰንቅረው ይገኛሉ። እስካሁን በጽሑፍ ከተገኙት ኢንዶ-አውሮፓዊ ቃላት ጥንታዊዎቹ እነዚህ ናቸው፤ የጻፏቸውም ሴማውያን ናቸው።

ኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው የሣር ሜዳ ወደ አውሮፓና ወደ እስያ እንደተሰራጩ የጥንት አጽሞች ጥናት አሳይቷል። የኬጢያውያን ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ቀድሞ የተገነጠለ ነው። ይሁንና ኬጢያውያን የአገራቸውን ስም ከነሱ በፊት እዚያ ከነበረ፣ ቋንቋው ከማይዛመዳቸው ሕዝብ ወረሱ። የዚያን ሕዝብ አማልክትም አመለኩ። ቋንቋ ይሻገራል፣ ይወረሳል፣ ይለወጣል፤ የደም ምስክር ወረቀት አይደለም።

ናዚዎች ግን ይህንኑ የቋንቋ ጥናት አጣመው፣ የጥንት ሕንዶችና ፋርሶች ራሳቸውን የሚጠሩበትን አሪያ የሚል ስም የዘር መለያ አደረጉት። ኖቬምበር 17 ቀን 1939 ፕራግ ውስጥ ዘጠኝ የተማሪ መሪዎችን ያለ ፍርድ ረሸኑ፤ ከ1,200 በላይ ተማሪዎችን ወደ ሳክሰንሃውሰን ማጎሪያ አጋዙ፤ የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችንም ዘጉ። በዚያን ቀን የቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ህሮዝኒ ነበር። ዕድሜው 60 ነው። ከጀርመኑ መኮንን ፊት ቆሞ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተማሪ የመያዝ ሕጋዊ መብት የላችሁም ብሎ ተከራከረ። በዚህም ጥቂት ተማሪዎች ከመያዝ አመለጡ።

የኋለኛው ሥራው እንደ ፊተኛው አልሰመረለትም። የጥንታዊ ሕንድንና የቀርጤስን ጽሕፈት አነበብኩ አለ፤ ሊቃውንቱ ግን አልተቀበሉትም፣ ልክም ነበሩ። ለኬጢያውያን ቋንቋ ኩራዝ የሆኑት የሱመርና የአካድ ቃላት እዚያ አልነበሩም፤ መመሳሰል ብቻውን አሳሳተው። በ1944 ስትሮክ መታውና ምርምሩ ቆመ። ዲሴምበር 12 ቀን 1952 ፕራግ ውስጥ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ማይክል ቬንትሪስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ አርክቴክት ከቀርጤስ ጽሕፈቶች አንዱን አንብቦ ቋንቋው ጥንታዊ ግሪክኛ መሆኑን አሳየ። የሕንዱ ግን እስካሁን አልተነበበም።