የጥቁሯ መኪና ጌታ ልጅ፤ ኤድሰል ፎርድ

አባቶቻችን ፈረስን በቀለሙ ለይተው ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ ይሉት ነበር። ከሞያሌ ከተማ በታች ወደ ኬንያ በተንጣለለው በጎልቦ ቆላ የሚኖሩት ቦረኖችም የከብታቸውን መልክ ጉራቻ፣ አዲ፣ ዲማ፣ ዳለቻ፣ መጋላ እያሉ በየስሙ ይጠሩታል። ውድ መኪና በፈረሱ ፈንታ የመጣች ናትና ባለጸጋው ቀለሟን ለመምረጥ ቢጨነቅ የሚያስደንቅ አይደለም። በጎልቦ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በነበረበት ጊዜ፣ ነጯም ጥቁሯም መኪና ሞያሌ ስትደርስ የምትመስለው አቧራውን ነበር። ያም ሆኖ ነጭ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ስለሚመልስ ለቆላ አገር ይስማማል፤ በዓለም ገበያም ካለፉት ዐሥር ዓመታት በላይ ከሁሉ ይልቅ የተፈለገው ነጭ ነው።

ይህ የቀለም ምርጫ ለመኪና ገዢ ሁሉ የተፈቀደ ነገር እንዲሆን ከደከሙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ኤድሰል ፎርድ ነው። ስሙ በአባቱ ስም ተሸፍኖ ስለ ቀረ ታሪኩን በአጭሩ ልናወሳ እንወዳለን። ዓመቶቹ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኤድሰል ኖቬምበር 6 ቀን 1893 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ለአባቱ ለሄንሪ ፎርድና ለእናቱ ለክላራ አንድያ ልጅ ነበረ። አባቱ ኩባንያቸውን በ1903 ሲያቋቁሙ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ያደገውም በመኪና መካከል ነው። አባትዮው የሞተሩን ጥርስና ዘንግ ሲመለከቱ፣ ልጁ ግን የመኪናዋን ቅርጽ መሣል ይወድ ነበር።

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ያወጡት በ1908፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ባዩበት ጊዜ ገደማ ነው። ብዙ ሰው ይህች መኪና ከጥንቱ ጥቁር የነበረች ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀይ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆና ትሸጥ ነበር። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ነው ጥቁር ብቻ የሆነችው። በዚያ ዘመን የከበሩ መኪናዎች የሚቀቡት በእጅ ነበር። ቀቢው አንዱን ድርብ በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ከዚያም በኋላ ሌላውን ይደርባል። እንዲህ ሆና አንዲት መኪና ከቀለም ቤት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅባት ነበር። ሬንጅ የተቀላቀለበት ጥቁር ቀለም ግን ርካሽና ጠንካራ ከመሆኑም በላይ በምድጃ ሲጋገር ቶሎ ይደርቃል። ጸሐፊው በዚህ ነገር አባትዮውን አልነቅፍም፤ ዋጋው ከ300 ዶላር በታች እስኪወርድ ድረስ መኪናን ለገበሬና ለሠራተኛ ያደረሰው አንዱ ምክንያት ይኸው አንድ ዓይነት ጥቁር ነበርና።

ይሁን እንጂ ሄንሪ ፎርድ የወደዱት ነገር ሲለወጥ አይታገሡም ነበር። በ1912 ወደ አውሮጳ ሄደው ሲመለሱ፣ መሐንዲሶቻቸው ሞዴል ቲን አሻሽለውና የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም ቀብተው ጠበቋቸው። በሥፍራው የነበረ ሠራተኛ በኋላ እንደ ተረከው፣ ሄንሪ ፎርድ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ በሯን በእጃቸው ገንጥለው አፈራረሷት።

ኤድሰል በ1919 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ተባለ፤ ዕድሜው 25 ዓመት ብቻ ነበረ። ሹመቱ በወረቀት የእርሱ ይሁን እንጂ ቃሉ የአባቱ ነበር። ልጅዮው በሹማምንቱ ፊት ያዘዘውን አባትዮው በማግሥቱ ይሽሩት ነበር፤ እርሱም ዝም ይላል እንጂ አይመልስም። ይህን ትዕግሥት አንዳንዶች ድካም አድርገው ቈጥረውታል። እኔ ግን አባቱን የሚያከብር ልጅ በአገራችንም ከዚህ የተለየ ያደርግ ነበር ብዬ አላስብም።

በ1922 ኩባንያው ሊንከን የተባለውን የከበሩ መኪናዎች ፋብሪካ በ8 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አባትዮው በጥቁሯ መኪና ተጠምደው ስለ ነበር ሊንከን ለኤድሰል ተለቀቀለት። እርሱም የታወቁ የሠረገላ ሠሪዎችን ጠርቶ አካሏን አሠራ። ለቀለሟም ልዩ ጥንቃቄ አደረገ፤ በ1926 ግድም የወጡት የሊንከን ማስታወቂያዎች ከወፎች ላባ የተወሰደ የቀለም አዋቅር ያሳዩ ነበር። ይህም የሆነበት ዘመን ተስማሚ ነበር። በ1923 ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለውን መኪና በአዲስ ሰማያዊ ቀለም አውጥቶ ነበርና። ዱኮ የተባለው ይህ ቀለም፣ ጥጥን በአሲድ ለውጦ ለባሩድ ከሚሠራው ነገር የተገኘ ሲሆን፣ በሳምንታት ፈንታ በሰዓታት ይደርቃል። ገዢው ሕዝብ ወደ ባለቀለሞቹ መኪናዎች አዘነበለ። በ1926 ሞዴል ቲም ዳግመኛ ቀለም ለበሰች፤ ግን ዘግይታ ነበር። 15 ሚሊዮን ያህል ከተሠራች በኋላ በ1927 ቀረች። ኤድሰል ቅርጿን ያሳመራት ሞዴል ኤ በልዩ ልዩ ቀለም ተተካች።

ስለ ቀለም ይህን ያህል የደከመው ሰው ለራሱ የመረጠው ግራጫ መሆኑ ያስገርማል። በ1934 ግሪጎሪ ከተባለው ነዳፊ ጋር ለራሱ ያሠራት ባለሁለት መቀመጫ መኪና የጠመንጃ ብረት የመሰለ ግራጫ ተቀባች። በዚያን ጊዜ እንዲህ ላለው የዕንቍ ጸዳል የሚሰጠው ነገር ከዓሣ ቅርፊት የሚወጣ ነበር። በምጽዋ የዓሣ ገበያ ቅርፊት ፍቀው የሚጥሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን! ያችም መኪና ታድሳ፣ ወደ ጥንቱ ቀለሟ ተመልሳ፣ ዛሬ በሚቺጋን በቀድሞ መኖሪያው ትታያለች። ሊንከን ኮንቲኔንታል የተባለችውም ዝነኛ መኪና በ1939 የተጀመረችው ለእርሱ ለራሱ መዝናኛ ነው።

ከመኪና ውጭ ያደረገውም ቀላል አይደለም። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ቤት ግድግዳ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሲሥል ወጪውን የሸፈነ ኤድሰል ነው። ሠዓሊው ኮሙኒስት ስለ ነበር ሥዕሉ ይፍቅ የሚል ጩኸት ቢነሣም፣ የባለጸጋው ልጅ አላስፋቀውም።

ኤድሰል ሜይ 26 ቀን 1943 በ49 ዓመቱ አረፈ። የገደለው የሆድ ካንሰር ሲሆን፣ በላዩ ላይ ብሩሴሎሲስ ነበረበት። ይህም ካልተፈላ ወተት የሚመጣ፣ በጎልቦም ሆነ በሌላው የከብት አርቢ አገር የታወቀ ደዌ ነው። ወተቱም ከአባቱ እርሻ የመጣ ነበር ይባላል። ሽማግሌው ሄንሪ ፎርድ በ79 ዓመታቸው የልጃቸውን ወንበር መልሰው ያዙ፤ በ1945 ለልጅ ልጃቸው አስረክበው በ1947 ሞቱ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ኩባንያው አዲስ መኪና አውጥቶ ኤድሰል ብሎ ሰየማት። በሁለትና በሦስት ደማቅ ቀለም ተዥጐርጕራ የቀረበች ነበረች። ገዢ ስላጣች በ1959 መሥራቷ ቆመ።