ዶክተር ጆን ኮኖሊ፦ የአእምሮ ሕሙማንን ከእስራት ያላቀቁ ሐኪም

ቤተልሔም የሚለውን ስም ስንሰማ በልባችን የሚታየን ግርግሙና ሕፃኑ ነው። በለንደን ከተማ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ጥንታዊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ። በ1814 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሆስፒታሉን ሊጎበኙ የገቡ ሰዎች አንድ ሕመምተኛ አንገቱና ወገቡ በብረት ተጠፍሮ አገኙት፤ በዚያ ሁኔታ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። ያሰሩት ሰዎች ሥራቸውን እንደ ጭካኔ ሳይሆን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩት ነበር። ይህን አስተሳሰብ በመቃወም የታወቁትን የዶክተር ጆን ኮኖሊን ሕይወት በዚህ እትም እንተርክላችኋለን።

ዶክተር ኮኖሊ በ1794 በእንግሊዝ አገር በሊንከንሺር አውራጃ ተወለዱ። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1821 ተመረቁ፤ በ1828ም በለንደን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1830 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእብደት ምክንያት ከሚዘጋባቸው ሰዎች ብዙዎቹ መዘጋት የማይገባቸው መሆናቸውን አስረዱ።

በዚያን ጊዜ በሊንከን ከተማ አንድ አሳዛኝ ነገር ደረሰ። በ1829 አንድ ሕመምተኛ ሌሊቱን ከአልጋው ጋር እንደ ታሰረ ታንቆ ሞተ። ከዚህ በኋላ የዚያ ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ቻርልስወርዝና ሂል፣ እስራቱን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ በመጨረሻ ጨርሰው አስቀሩት። ዶክተር ኮኖሊ በ1839 ወደ ሊንከን ሄደው ይህን በዓይናቸው ተመለከቱ።

በዚያው ዓመት በለንደን አቅራቢያ የሚገኘውን የሀንዌልን ሆስፒታል እንዲመሩ ተሾሙ። በውስጡ 800 ያህል ሕሙማን ነበሩ። ብዙዎች አደጋ ይመጣል ብለው ቢቃወሟቸውም፣ እርሳቸው የእግር ብረቱን፣ የእጅ ማሰሪያውን፣ የቆዳ ጠፍሩንና የማሰሪያ ወንበሩን ሥራ በጀመሩ በአራተኛው ወር ከአገልግሎት ውጭ አደረጉ።

እዚህ ላይ በጥብቅ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ዶክተር ኮኖሊ ብረቱን ፈትተው ሕመምተኛውን ብቻውን አልተዉትም። በብረቱ ፈንታ ሰው አቆሙ። የአስታማሚዎች ቁጥር እንዲጨምር፣ ደመወዛቸው እንዲሻሻልና ጠባያቸው እንዲመረመር አጥብቀው ጠየቁ፤ ራሳቸውም ክፍሎቹን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። የተቆጣ ሕመምተኛ እስኪበርድለት ድረስ ግድግዳው በለስላሳ ነገር በተሸፈነ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ይቆይ ነበር እንጂ አይታሰርም ነበር። ልምዳቸው ያስተማራቸውም እስራት ቁጣን እንደሚያባብስ፣ የአስታማሚውንም ቸልተኝነት እንደሚሸፍን ነበር። ሰንሰለት ባለበት ቦታ ማንም መትጋት አያስፈልገውምና።

በ1856 ስለዚሁ ሥራ በጻፉት መጽሐፍ፣ ከእርሳቸው በፊት በሊንከን የደከሙትን ሐኪሞች ሳይዘነጉ አመስግነዋል። በ1866 በሀንዌል ሲያርፉ፣ አብዛኞቹ የእንግሊዝ የሕዝብ የአእምሮ ሆስፒታሎች የእርሳቸውን መንገድ ተከትለው ነበር።

በአገራችንም በየቤቱ ጓዳ ታስረው የሚኖሩ ሕሙማን መኖራቸውን እናውቃለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስሯቸው የሚወዷቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው፤ እናት ደክማ፣ የሚያግዛት አጥታ፣ ልጇ ገደል እንዳይገባባት ፈርታ ታስረዋለች። ስለዚህ ቤት ለቤት የምትጎበኙ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ቤት ስትገቡ እናቲቱን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ እርዱ፤ እርሷም ጥቂት እንድታርፍ ተራ ገብታችሁ ከልጇ አጠገብ ተቀመጡ። በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን፣ በሰንሰለት ይታሰር የነበረውን ሰው ጌታችን ሊቀርበው አልፈራም። እኛም ገመዱ እንዲፈታ የምንሻ ከሆነ፣ በገመዱ ቦታ የምንቆመው እኛው መሆናችንን አንርሳ።