የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በዓል ስለ ምን ይከበራል

አንባቢ ሆይ፥ የቅዱሳን በዓል በደረሰ ጊዜ የምታስበው ምንድር ነው? ብዙ ሰው ጠላውንና ድግሱን፥ ከሥራም ማረፉን ያስባል። በሮም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን የሰማዕት በዓል አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በተወለደበት ቀን ሳይሆን በሞተበት ቀን ወይም በዚያ አቅራቢያ ነው፤ ምእመናን ከጥንት ጀምረው ያን ቀን የሰማይ ልደቱ ብለው ጠርተውታልና። ነገሩ እንዲገለጥልህ ከአገራችን የወጡትን የአባ ገብረ ሚካኤልን ኑሮ ተመልከት።

እርሳቸው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1791 ዓመት በጎጃም ተወለዱ፤ አንድ ዓይናቸው ገና በልጅነት ጠፋ። በመርጡለ ማርያም ተምረው መነኰሱ። ይህ አገር ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግረህ የምታገኘው ነው። ያን ጊዜ ሊቃውንት በክርስቶስ ባሕርይ ምሥጢር ላይ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩም በ1878 በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪደረግ ድረስ ብዙ ሰው አጣላ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ። እንዲህ ያለ ሊቅ ዛሬም ብርቅ ነው።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልኩ እርሳቸውም አብረው ሄዱ። ከዚያም ሮምን አዩ። የጉዞው ጓደኛ ኢጣልያዊው አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ የእኛ ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው። መልእክተኞቹ በመጀመሪያ ይህን ፈረንጅ አላመኑትም ነበር። ነገር ግን ትሕትናው ከክርክር ይልቅ ሠራ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፥ በ1851ም ቅስና ተሾሙ።

በ1854 ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙና ካቶሊኮች በጎንደር ታሰሩ። ንጉሡን ጨካኝ ብቻ አድርገህ አትቍጠራቸው፤ የተከፋፈለችውን አገር በአንድ ሃይማኖት አንድ ለማድረግ ይመኙ ነበር። ነገር ግን ሕሊና በሰንሰለት አይታዘዝም። ሽማግሌው ሃይማኖታቸውን ቢክዱ እንደሚለቀቁ ተነገራቸው፤ እንቢ አሉ፥ ተገረፉም። በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመነላቸው ፍርዱ በዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ምሕረቱ ግን ከሞት የሚከብድ ሆነ። ስድሳ አራት ዓመት የሞላቸው መነኵሴ እግራቸው በብረት ታስሮ የንጉሡን ሠራዊት በዘመቻ ተከተሉ። በሰፈሩም ኮሌራ ገብቶ ነበር። የሚደርሳቸውን ጥቂት ምግብ ለሌሎች ያካፍሉ እንደ ነበር ይተረካል፤ በዚያው ክረምትም በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሠራዊቱ ወሎን ወርሮ በመስከረም መቅደላን ያዘ። እርሳቸው ያን አምባ አላዩትም።

ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው ዐወጇቸው፤ ብፁዕነት ከቅድስና ዐዋጅ በፊት ያለ ማዕርግ ነው። የቅዱስ ቪንሴንት ማኅበርም በየዓመቱ ኦገስት 30 ቀን ያስባቸዋል። የሚሳለሙት መቃብር ግን የለም፤ ወታደሮች በመንገድ ዳር ቀበሯቸው፥ ኋላም ቢፈለግ አልተገኘም።