ምኒልክና ባሕር ዛፍ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሡ ቶሎ የሚታወሰን ዓድዋ ነው። ዛሬ ግን በዛፍ በኩል እናስታውሳቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ። ከጋይንት በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው መቅደላ አድገው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ።

ንጉሠ ነገሥት የሆኑት በክፉ ቀን መካከል ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ዝናብ ጠፋ፣ አንበጣ ወረደ። በሬ የሌለው ገበሬ እንዳይሰንፍ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ።

ሌላው ችግር የማገዶ ነበር። እንጦጦና አዲስ አበባ ሲቆረቆሩ ጽዱም ወይራውም ተጨፍጭፎ አለቀ፤ እንጨት ከሩቅ ይጋዝ ጀመር። ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያዳነው በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብትም አይበላውም። ከተማው ባለበት ረጋ።

ክርክሩም አብሮ መጣ። ውሃ ይመጣል ተብሎ በዘመናቸው መጨረሻ ግድም ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በሐር ትል እንጆሪ እንዲተካ ታዘዘ፤ ግን ማን ይንቀለው! ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባሕር ዛፉ ቆሞ ነበር።

በዓድዋው ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ስዊድናዊው ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ በአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር እንደምትሞቅ በስሌት አሳየ። ጋዙ የምድርን ሙቀት እንደ ጋቢ ይይዛል። ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ዋናው ጥፋት የከሰልና የነዳጅ ነው፤ የአገራችን ድርሻ ጥቂት ነው። የደን ጭፍጨፋ ግን ይጨምርበታል።

አሬኒየስ ሙቀቱ ለብርዳም አገር በጎ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። መቼም በንፋስ መውጫ ብርድ ጋቢ ደርቦ ለሚያጠና እጩ መምህር ነገሩ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን የጉናን አናት እንመልከት። ሙቀቱ ሽቅብ ሲወጣ ብርድ ወዳዱ ተክል ከጫፉ በላይ ወዴት ይሸሻል? ዝናቡስ ወቅቱን ቢስት የስማዳ ቆላ ገበሬ ምን ይዘራል?

እንግዲህ ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል? ማገዶ ሲገኝ ኩበቱ ከምድጃ ይተርፍና ለማሳ ይሆናል፤ ግንዱም ተሸጦ ለልጅ ደብተር ይገዛል። ቆሞ ሳለ ካርቦን ይይዛል፣ ሲነድ ግን መልሶ ይለቀዋል። ምንጭ ዳር ሲተከል ውሃውን ይሻማል፣ ከሥሩም ሰብል አያበቅልም። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ቦታ የሚስማማውን መምረጥ ነው፦ ባሕር ዛፉ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ፣ ምንጩ አጠገብ ደግሞ አገር በቀሉ ዛፍ። የአገር በቀሉን ዘር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥንታዊው ዛፍ ዛሬም አለ።

ምኒልክ የዘመናቸውን ችግር በዘመናቸው ዛፍ ፈቱ። እኛስ ነገ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ስንመደብ፣ ከትምህርት ቤቱ ምንጭ አጠገብ ምን እንተክላለን? ችግኝ ከማንሣታችን በፊት ምንጩ ቀድሞ እስከ ስንት ወር ይፈስ እንደነበር የአካባቢውን ሽማግሌዎች እንጠይቅ።